በግርጌ የጻፍኩት አድራሻ

ለታላቅ እህቴ ለወይዘሮ ዕፀገነት፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? ጋሽ ኃይለመስቀልስ ግፊታቸውን ይለካሉ ወይስ እንደ ልማዳቸው ደህና ነኝ እያሉ ያልፉታል? ልጅሽ ለገሠ ሥራ ያዘ? የባሕር ዳር ሙቀትስ እንዴት አድርጓችሁ ይሆን? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ንግሥት እያስተማረች ነው። ዮዲ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እናቷን አልፋለች። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። የቀረው የእኔ ጉድ ነው።

ሥራዬን ሰው ሲጠይቅሽ “ይጽፋል” ብለሽ እንደምታልፊው አውቃለሁ። መሥሪያ ቤት የለኝም። ሰዎች የሰፈራቸውን ወይም የቤተሰባቸውን ታሪክ ማሳተም ሲፈልጉ እኔ ጠይቄ፣ አጣርቼ አዘጋጅላቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ማኅበር እዚህ ሐረር በኤረር በር አካባቢ ስለነበሩ ቤተሰቦች መጽሐፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። የቆየ የጽሑፍ ማስረጃ ስለፈለግሁ እማማ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። እኔ ስወለድ እናታችን ሆስፒታል ተኝታ ሁለት ወር አንቺን ያኖሩሽ እሳቸው አይደሉ? ያንቺን ስም ጠርቼ ገባሁ። እኔ ብቻዬን ብሆን በሩ ላይ አነጋግረው ይሸኙኝ ነበር።

ቤታቸው አያታቸው በእጃቸው የጻፉት ኪታብ የሚባል የጸሎት መጽሐፍ ነበር። መሐሉ ዱዓ ነው። በየገጹ ዳር ግን በዚያ ቤት የተወለደው፣ የሞተው፣ የተዳረው፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ሳይቀር ሰፍሯል። ኪታቡ ከቤት አይወጣም። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የወንድማቸው ልጅ ዘከሪያ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ተቀምጦ እያነበበ በአማርኛ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ዘከሪያ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ የሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ይሰፋል። “እኔ ለቁም ሰው እሰፋለሁ፣ አንተ ለሙት” እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

እማማ ፋጡማ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያለውን ጻፍ፣ ስሜንና ቤቴን ግን አታንሳ፣ ይህ አማና ነው፣ አደራ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ረቂቁን አዲስ አበባ ሆኖ ያነበበልኝ ምሁር “ይህ ማስረጃ የት ይገኛል? አንባቢ በምን ያምንሃል?” ብሎ በቀይ ጻፈበት። የቀድሞ ሥራዬን “ምንጭ የሌለው ወግ” ብለው እንደናቁብኝ ታስታውሻለሽ። ያ ከውስጤ አልወጣም ነበር። ቁጭ ብዬ በገጽ ስድሳ ሁለት ግርጌ የእማማ ፋጡማን ሙሉ ስም፣ በኤረር በር ተገብቶ ሁለተኛውን ቀጭን መንገድ፣ የበራቸውን ቀለም ጭምር ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። መጽሐፉ ሲወጣ መጀመሪያ የከፈትኩት ያንን ገጽ ነው። ኮርቼበት ነበር።

መስከረም ላይ ሁለት የማይታወቁ ሰዎች መጥተው ኪታቡን ካልገዛን አሏቸው። አባረሯቸው። በሳምንቱ እማማ ለቅሶ ውለው ሲመለሱ የበሩ ቁልፍ ተሰብሯል፣ ኪታቡም ከመደርደሪያው የለም። ሌላ ዕቃ አልተነካም። ዘከሪያ አንድ ጊዜ ኪታቡ ለሙዚየም ይሰጥ ብሎ ተከራክሯቸው ስለነበር ለሰዎቹ የነገራቸው እሱ ነው ብለው ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከለከሉት።

በዚያው ሰሞን ኤረር በር ሱቅ ያለው አሚን ጠራኝ። ሰዎቹ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የመጽሐፍ ገጽ ይዘው ቤቱን እንደጠየቁት፣ እሱም እንግዳ መስለውት እንዳሳያቸው ነገረኝ። ገጹ የእኔ መጽሐፍ መሆኑን አውቋል። “እኔ ጣቴን ነው ያነሳሁት፤ ካርታውን የሠራህላቸው አንተ ነህ” አለኝ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት።

ከዚያ ሁለቱን ሊያስታርቁ እማማ ቤት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዘከሪያ ምስክሬ ብሎ የጠራው እኔን ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወሬው ከዚህ ቤት በማን በኩል እንደወጣ ታውቃለህ ወይ ተባልኩ። “አላውቅም” አልኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሳይፈቱ ተነሱ። ዘከሪያም ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በመኪና ግርግር ማለፍ ትቼ ዙሪያውን ስሄድ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ንግሥት መንገድ ማርዘሜን አይታ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። እሷም ዮዲ መጽሐፉን ትምህርት ቤት ወስዳ አባቴ ነው የጻፈው እያለች ስታሳይ እንደነበር ነገረችኝ።

ከትናንት በስቲያ መጽሐፉን ይዤ እማማ ቤት ሄድኩ። ዘከሪያንም አስጠራሁት፤ መጥቶ ከደጅ ቆመ። እማማ አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ ግርጌውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ስንት እንደታተመ ጠየቁኝ። አምስት መቶ አልኩ።

“እንግዲህ አምስት መቶ ሰው በሬን ያውቃል” አሉ። ከዚያ ወደ ደጁ ዞረው ዘከሪያን ግባ አሉት።

ዘከሪያ ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። “ያን ቀን አላውቅም ስትል መጽሐፉ ቦርሳህ ውስጥ ነበር፣ አይደል?” አለኝ። ነበር።

ገጹን ለፖሊስ ሰጥቻለሁ፤ አሚንም ቃሉን ሰጥቷል። ኪታቡ አልተገኘም። ማኅበሩ ያልተሸጡትን መጻሕፍት እንዲይዝልኝ ጠይቄያለሁ፤ የተሸጠው ግን ተሸጧል።

ልወጣ ስነሳ እማማ፣ ዕፀገነት ይህን ታውቃለች ወይ አሉኝ። አታውቅም አልኩ። “በስሟ ነው የገባኸው። ጻፍላት። በስልክ አይሁን፣ በስልክ ታሳጥረዋለህ። መልሷን ለእኔ ትላክ። እስከዚያ አትምጣ” አሉኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ ለእሳቸው ጻፊ። እኔን አታማልጂ። ልቡ ደግ ነው፣ ተሳስቶ ነው የሚል ቃልም አታስገቢበት። ደብዳቤሽን የሚያነብላቸው ዘከሪያ ነው።

ጋሽ ኃይለመስቀልን ሰላም በይልኝ። የአማትሽን የእማማ ወለተሥላሴን ጉልበት ሳሚልኝ። ለገሠን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ቢያነበው አልቃወምም። ንግሥትና ዮዲ ሰላም ብለዋችኋል።

ወንድምሽ አማኑኤል
ሐረር፣ ጀጎል
ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.