የጥፍር ቀለሙ ምልክት

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ

ምልክቱ ጠፋ! ትንሿ ልጄ አልማዝ ቤቱን ለበዓል ስታሰናዳ የሬዲዮኑን ጥልፍ ልብስ አውልቃ አጠበችው። እሱ አልበቃ ብሏት የጣቢያ መርፌዋ የምትሄድበትን መስታወትም በአሴቶን ወለወለችው። «እማዬ፣ የጥፍር ቀለም ነክቶት ነበር፤ አስለቀቅኩልሽ» አለችኝ፣ ምርቃት ፈልጋ። ምን ልበላት? የወንበዴው ሬዲዮ የሚገባበትን ቦታ ያመለከትኩበት ነው አልላት ነገር፣ ልጅ ናት፤ ደጅ ወጥታ ታወራዋለች። «ተባረኪ» አልኳት።

እዚያ ነው የምርኮኞች ስም የሚነበበው። ልጄ በቀለዬ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ አንድ ደብዳቤ የለም። ምርኮኛ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው።

እሁድ

ዶሮው ተበላ፤ ለእኔ አልጣመኝም። ወንድሜ ግርማ ከመልካሳ መጥቶ ነበር። ሬዲዮኑን አይቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄንን ጣይው። ወደፊት ሁሉም በሳተላይት ነው፣ ድምፁ ኩልል ይላል። አጭር ሞገድ ይቀራል» አለ። ኩልል ብሎ ምን ሊነግረኝ? የልጄን ስም ካላነሳልኝ ኩልል ማለቱ ለምኔ ነው? ይሄን በልቤ አልኩና ወጥ ጨመርኩለት።

ሰኞ

ሲመሽ አልማዝን ወደ ጎረቤት ልኬ በሩን ቀረቀርኩ። መርፌዋን ቀስ እያልኩ ገፋሁ። ዓረብኛ፣ ፉጨት፣ የማላውቀው ዘፈን። አገኘሁት! «ከናዝሬት…» ብሎ የከተማችንን ስም ሲጠራ የመንግሥት የሞገድ ማፈኛ እንደ ወፍጮ ጮኸበት። ጆሮዬን ለጥፌ አለቀስኩ። ጩኸቱ ሲያቆም ስሙ ሁሉ ተነብቦ አልቋል።

ባለሱቋ ዘይነባም የምትሰማ ይመስለኛል፤ የእሷም ልጅ ዑመር እዚያው ሰሜን ነው። ግን እንዴት ይጠየቃል? ሰማሽ ወይ ማለት ሰማሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ምስር ልገዛ ብዬ ሄድኩ። ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራን። ምስሩን እየመዘነች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ እምልሽ፣ የበቀለ አባት ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ። «ተሰማ» አልኳት። እጇ ቆመ። አፏን ስትከፍት የቀበሌው ጥበቃ ሲጋራ ሊገዛ ገባ።

«ምስር አልቋል እህቴ፣ ነገ ማልደሽ ነይ» አለችኝ።

ምስሩ ሚዛኑ ላይ ነበር። እስኪነጋ እንዴት ልቻለው?