በመቃብር ቦታ ስለተቆጠሩት ልጆቻችን

ለተከበሩ ወ/ሮ ኤሌዮኖራ ፕሌሽካ
የሕፃናት መብት አጠባበቅ ክትትል ኮሚሽን ሰብሳቢ
ኪሺናው፣ ሞልዶቫ

ክብርት ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ አገር የሚታየው በእርስዎ ዓይን ነውና። እኔ የቫሊያ ኑኩሉይ መንደር ነዋሪ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ወይን ጠማቂ፣ እንዲሁም ሳንዳ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አያት ነኝ። ኮሚሽንዎ ያወጣውን ሪፖርት መነጽሬን ሁለት ጊዜ ወልውዬ አነበብኩት፤ «በቫሊያ ኑኩሉይ ወላጆቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ልጅ የለም» ይላል። ይህን የመሰለ የምሥራች ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀን አመራረጥዎ። ባለሙያዎችዎ የመጡት ከፋሲካ በኋላ፣ ለሙታኖቻችን መቃብር ላይ ማዕድ በምንዘረጋበት ሰኞ ነው። ለዚያች ቀን ሲባል ከጣሊያን የሚመጡት የቦሎኛና የፓርማ ሚኒባሶች ሁሉ መንደራችን ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ የጣሊያን ሽማግሌ ሲያጥቡና ሲያጎርሱ የሚከርሙ እናቶች፣ የሰው አገር ግንብ ሲገነቡ የሚከርሙ አባቶች፣ ለፋሲካ የተቀለመ ቀይ እንቁላላቸውን ይዘው ከየመቃብሩ ራስጌ ይቆማሉ። ሐሙስ ጠዋት ሚኒባሶቹ ጭነዋቸው ይመለሳሉ። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ይህችን ነጥሎ ማግኘት በዕድል ብቻ አይሆንም፤ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ስለ አቆጣጠሩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው፣ አልክድም። በእኛ ዘንድ በመቃብር ፊት ሰው ጎደለ አይባልም፤ ሙታን እንዳያዝኑ ወይን ጠብ አድርገን «ሁላችንም አለን» እንላቸዋለን። ቅጽ የያዘው ወጣት ባለሙያዎ ጎረቤቴን ሚትሩን «ልጆቹ የሚኖሩት ከወላጆቻቸው ጋር ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሚትሩ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ነበርና፣ «አጠገባቸው ቆመው እያየሃቸው ትጠይቀኛለህ እንዴ፣ አንተ ልጅ? ይልቅ ቅመስ» አለው። ልጁም ቀመሰ፤ ቅጹ ላይም ምልክት አደረገ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ለሟች ባለቤቴ የምነግራትን ለእሱ ደገምኩለት። ለሟች የሚነገር ደግ ውሸት የመንግሥት አኃዝ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ሦስተኛ፣ የሳንዳ ግራ ዓይን ወደ አፍንጫዋ ያዘነብላል። ሐኪሙ በረዶው ሳይገባ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ዓይኑ ጨርሶ ማየት ይተዋል ብሏል፤ ፊርማ የሚቀበለው ግን ከወላጅ ወይም ከሕጋዊ አሳዳጊ ብቻ ነው። አሳዳጊነቱን ልጠይቅ ወደ መንደሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በልጅነቷ ከፖም ዛፌ ላይ በጆሮዋ ይዤ ያወረድኳት ቬርጂኒያ ዛሬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናትና፣ «አባባ፣ አሳዳጊ የሚሾመው ወላጁ ውጭ ላለ ልጅ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ የለም። ሪፖርቱን አላዩትም?» አለችኝ።

«የእህትሽ ልጅስ አንቺ ጋ አይደል የሚያድረው? እህትሽ ፓርማ አይደለችም?» ብላት፣ «እሱም የለም፣ አባባ» ብላ ማኅተሟን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። የሳንዳ እናት ከቦሎኛ በሚኒባስ የላከችው ውክልናም ተመልሶብናል፤ በሪፖርቱ መሠረት እዚሁ የምትኖር ሴት ከጣሊያን ወረቀት ልትልክ አትችልማ።

አራተኛም ነበረኝ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ምድጃ፤ ይቆይ፣ ከዓይን አይበልጥም።

ክብርት ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው፤ ዜሮዋን ወደ አንድ ይለውጡልኝ። አገሪቱ ያሳየችውን እድገት ያን ያህል አያበላሽም፤ የቀሩት አርባ ስድስት ልጆች ለጊዜው በሰላም እንደሌሉ ሊቆዩ ይችላሉ።

በሪፖርትዎ ውስጥ በሚገኘው ደስተኛ መንደር ከልቡ የሚቀና፣ በሕግ ፊት የማንም አሳዳጊ ያልሆነ፣ ሆኖም ጠዋት ጠዋት የልጅ ፀጉር የሚጎነጉን ታዛዥዎ፣

ፖርፊሪ ራይሊያን

ድኅረ ማስታወሻ፦ በሪፖርቱ ገጽ አሥራ አራት ላይ ሳንዳ በእናቷና በአባቷ መካከል ቆማ የተነሳችው ፎቶግራፍ አለ። ሦስቱ አንድ ላይ የተነሱት ሌላ ስለሌለን አንድ ቅጂ ቢልኩልን ውለታዎን አንረሳም። ሲያትሙት ግን በትልቁ ይሁን፤ ልጅቱ የምታየው በአንድ ዓይን ነው።