ከቦረቦሩ ሥር

ነሐሴ 11 ቀን

የሆዴ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ብርዱስ? እኔ እግሬን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። በደወልሽ ቁጥር «አባባ ለምን አያናግረኝም? ተቀይሞኛል እንዴ?» ትይኛለሽ። አልተቀየመሽም የኔ ልጅ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ በስልክ የምነግርሽ ነገር ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የአጎትሽን መሞት እንጂ አሟሟቱን በደንብ አልነገርንሽም። አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ከከተማው ጀርባ ወዳለው ቦረቦር ይሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጎርፉ ማሳውን እየገመሰ ሲወስደው፣ እነሱ ከሥር ድንጋይ እየካቡ ውሃውን ይከትራሉ፤ ከላይ ችግኝ ይተክላሉ። አጎትሽ መጀመሪያ ላይ «ለፍየል ቀለብ ነው እኮ የምትለፉት!» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። አባትሽ ታናሽ ወንድሙን ለምኖ ለምኖ አንድ ቅዳሜ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀረው! አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በማለዳ በራችንን የሚደበድበው እሱ ሆነ።

የሞተ ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው። ሥራውን የሚመራው ግንበኛ «አፈሩ ውሃ ጠግቧል፤ ዛሬ ከሥር ባንገባ» አለ። አባትሽ ግን «ካቡ ሳይዘጋ ሌላ ጎርፍ ከመጣ ልፋታችን ሁሉ መና ቀረ ማለት ነው» ብሎ ተከራከረ። አጎትሽ እየሳቀ «እሺ ጋሼ፣ አንተ ካልክ» አለና ቀድሞ ወረደ። አባትሽ ድንጋይ ሊያቀብለው ጎንበስ እንዳለ የቦረቦሩ ግድግዳ ተናደ። አካፋው እንዳይጎዳው ፈርተው በእጃቸው ነው የቆፈሩት። ሲደርሱበት ትንፋሽ አልነበረውም። አባትሽን ከላዩ ላይ ያነሱት በግድ ነው።

የአጎትሽ ሚስት አንድም ቀን አልወቀሰችውም። «ወዶ ነው የወረደው» ትላለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር መሰለኝ። እሷ ስትመጣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ፈቃደኞቹም ተበትነዋል፤ ካቡም እንደ ፈረሰ ቀርቷል።

አባትሽ አሁን ቀኑን ሙሉ ዝም ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ግን ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። ወዴት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። አንድ ቀን ግንበኛው እያለከለከ መጥቶ «እትዬ፣ ጋሼ እዚያው ናዳው ሥር ተቀምጠዋል፤ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ» አለኝ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሮጥኩ።

«ተነስ እንጂ ሰውዬ፣ ቤት እንግባ» አልኩት።

«አንቺ ሂጂ፤ ትበሰብሻለሽ።»

«አልሄድም» ብዬ አጠገቡ ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ።

ከላያችን የተንጠለጠለውን አፈር ቀና ብሎ አየ። እኔን አየ። ቆየት ብሎ እጄን ይዞ አነሳኝ፤ እያዘገምን ቤት ገባን።

ከዚያ ወዲህ በወጣ ቁጥር እከተለዋለሁ። እኔ ስቀመጥ ይነሳል። እስካሁን ተነስቷል።

ከሥራ ፈቃድ ከከለከሉሽ አትጨነቂ፤ ነይ አላልኩሽም። ክረምቱ ግን ገና አልወጣም።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የምትረግጪውን መሬት ያጽናልሽ።

እናትሽ