ቤታችንን አቅፎ ሐዲዱን ላሻገረው የወሰን መስመር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምርጫ ክልል አካላይ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ካርታ ሲስል የከረመው እጅዎ እንዳልዛለ ተስፋ በማድረግ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። በአደባባይ መጻፌን አይቀየሙኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት።

አንደኛ፣ ባለቤቴ ለምክር ቤት እንደምትወዳደር በተሰማ ማግስት፣ ሐዲዱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ወሰን እኛ ደጃፍ ሲደርስ ታጥፎ፣ የእኛን ቤት ብቻ ወደ ማዶው ክልል ስላሻገረልን ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሰው የሚወዳደረው በሚኖርበት ክልል ነውና፣ ልጆቻቸውን ያዋለደችላቸው ጎረቤቶቻችን ሊመርጧት ሲሰናዱ የሌላ ክልል ሰው ሆና አገኟት።

ሁለተኛ፣ የሕዝብ አስተያየት ለመስማት ስብሰባ ስለጠሩ፣ ያውም ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አስፈቅዳ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታ፣ መስመሩ ለምን እንደታጠፈ በትሕትና ጠየቀችዎ። እርስዎም «እህቴ፣ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» ብለው ሰዓትዎን አዩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እንባዋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል ስላጣሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥር ሳልሰጥ ልንገርዎ። ባለቤቴ ማዶ ተሻግራ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። እዚያ ጤና ጣቢያ የለም፤ የማዶ እናቶች ምጥ ሲይዛቸው ሐዲዱን አቋርጠው ወደ እርሷ ይመጡ እንደነበር እርስዎም ዘነጉት፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ዘንግቼው ነበር። እነሱ ግን አልዘነጉም። ማዶ ላይ ለዓመታት ማንም ሳይፎካከራቸው ሲመረጡ የኖሩትን የእህትዎን ባል አሸንፋ ትናንት ቃለ መሐላ ፈጸመች። በቤተሰብ ደረጃ ያመጣብዎትን ጣጣ ሳስብ አዝናለሁ።

የእኛ ሰፈር ሰዎች ግን የሚመርጡት ሰው ተወስዶባቸው፣ የእኛው ክልል የድሮ ተመራጭ ብቻቸውን ቀርበው ብቻቸውን አሸነፉ። ስለዚህ ለወደፊቱ ረቂቅ ካርታው ሳይጸድቅ በፊት ሰው በሚያልፍበት ቦታ እንዲሰቀል፣ ስብሰባው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲሆን፣ ለእያንዳንዱ መታጠፊያ ምክንያቱ እንዲጻፍ፣ ዘመዱ የሚወዳደርበት ሰውም እርሳሱን ለሌላ እንዲያቀብል ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ለውለታዎ ወሰን ያጣሁለት፣ አክባሪዎ፣
የአዋላጇ ባል

ማስታወሻ፦ ተሳፋሪዎቼ የሚቀጥለው ምርጫ ወሰን የት ጋ እንደሚያልፍ ይጠይቁኛል። ማን እንደሚወዳደር ገና ስላልታወቀ አልተወሰነም ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።