እርጥብ መቀሶች

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

...ሻንጣውን ስከፍተው ከሁሉ በላይ የነበረው ትንሽ ነጭ ካልሲ ነው። እህቴ ሀጀራ ከሪያድ የላከችው። ሻንጣው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ግን ልጁ ከሆዴ...

ለምን ዛሬ ትዝ አለኝ? የማጠቢያ ማሽኑን በር ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ካልሲው መጣ።

የቀረው እንደ ማንኛውም ቀን። ከሆስፒታላችን ኦፕሬሽን ክፍል የመጣውን መሣሪያ ጫንኩ፣ አጠብኩ፣ አወጣሁ። ማሽኑ ማጠቡን ያጥባል። አያደርቅም እንጂ። መቀሱም መቆንጠጫውም ውሃ እያንጠባጠበ ይወጣል። የኬሚካሉ ሽታ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ዝናው በጨርቅ ይወለውላል፣ እኔ እጠቀልላለሁ፣ ሁለታችንም እንስላለን።

"ሰሚሃ፣ ሳላችን እኮ ዜማ ሆነ" አለኝ። "አንቺ አምባሰል ትያለሽ፣ እኔ ባቲ እመልሳለሁ።"

ሳቅሁ። ስስቅ እጄ ወደ ሆዴ ሄደ። ቶሎ መለስኩት። አይቶኝ ይሆን?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሆዴ ውስጥ ያለው አራተኛ ወሩን ይዟል። ያለፈው የወረደው በዚሁ ጊዜ ነበር።

ከባሌ ከሙአዊያ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚኒባሱን ሊያስነሳ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣

"ንገሪያቸው በቃ።"

"ይጽና።"

"ኬሚካሉስ?"

"ይጽና አልኩህ እኮ፣ ሙአዊያ።"

"ወላሂ አንቺስ ከድንጋይ ትብሻለሽ።" ሄደ። ከመንገድ ደውሎ ደግሞ ቁርስ በልተሻል ወይ አለኝ።

ባለፈው ጊዜ ተናግሬ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አብሽሪ፣ አይዞሽ አለኝ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን ያቺን አብሽሪ ሁለተኛ መስማት አልችልም።

ታዲያ ዝም ብዬ ያንን እንፋሎት መተንፈስ እችላለሁ? የማሽኑን በር ስከፍት ትንፋሼን እይዛለሁ። እኔ ትንፋሼን ስይዝ እሱስ?

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከሙአዊያ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። አየሩን በረጅሙ ደጋግሜ ሳብኩ። ክረምት እንደሚፈራ ሰው... ለነገ ላከማች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ዛሬ ለጥቂት ተረፍን።

በኦፕሬሽን የምትወልድ እናት ከአምባሰል በኩል መጣች። የመሣሪያውን ጥቅል ጀርም ከሚገድለው መቀቀያ ሳወጣ ጨርቁ ከሥሩ ረጥቧል። የረጠበ ጥቅል እንዳልተቀቀለ ይቆጠራል፤ ጀርም በእርጥብ ጨርቅ ያልፋል። መቀሶቹ ከማጠቢያው ሳይደርቁ ስለሚወጡ ነው። በጨርቅ መወልወል መገጣጠሚያቸው ውስጥ አይደርስም። ነርሷ በር ላይ ቆማ "ሰሚሃ! ምንድን ነው የምትሠሩት?" ትላለች። ሌላውን ጥቅል ዳሰስኩ። ደረቅ። አልሐምዱሊላህ፣ ደረቅ።

ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁ። ጋሽ ዝናው በስመ አብ ብሎ ሲያማትብ እኔ አልሐምዱሊላህን ደገምኩ። ከዚያ "አሁንስ በዛ" ብሎ ደሴ ደወለ። የማሽን ባለሙያ ሰኞ ትመጣለች።

አንድ ነገር ደግሞ። ከሰሞኑ የማሽኑን በር የሚከፍተው እሱ ነው። እጄን ስዘረጋ ቀድሞኝ ይደርሳል። "ዞር በይ፣ መነጽሬን ላጥብበት" ይላል። መነጽሩ በጭጋግ ይሸፈናል፣ እንደ ዕውር እየዳበሰ ያወጣል፣ ይስላል። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ካልኩት ለምን እንደማመሰግነው መናገር ይመጣል።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ባለሙያዋ መቅዲ ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ። ማሽኑን ከፍታ ማሞቂያውን አየች። ደህና። ማራገቢያውን አየች። ደህና። ግራ ገብቷት እጇን ከኋላ ባለው የእንፋሎት መውጫ ቱቦ ላይ ጫነች።

"ይሄ ቱቦ የት ነው የሚወጣው?"

ከሕንፃው ጀርባ ነው። ተከትለናት ዞርን። እዚያ የአስታማሚዎች መስገጃ አለ፤ ዘበኛችን አባ ሀሚዱ ሰሌን ያነጠፈበት። ቱቦው ከግድግዳው ወጥቶ... አፉ ውስጥ ጆንያ። ተጠቅልሎ፣ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ በሽቦ ታስሮ።

መቅዲ ሳቀች። "ማሽናችሁ ደህና ነው እኮ! ታፍኖ ነው እንጂ። የሚያደርቀው እርጥቡን አየር በዚህ እያስወጣ ነበር። መውጫ ሲያጣ መልሶ እናንተው ላይ ተነፈሰ። ማነው ይሄን የደፈነው?"

"እኔ ነኝ" አለ አባ ሀሚዱ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

"በረመዷን ነው። ሰጋጁ በዛ። የሶላት አቅጣጫው፣ ቂብላው፣ ወደዚህ ግድግዳ ነው፤ ሱጁድ በግንባሩ ተደፍቶ ቀና ሲል ያ የሚገማ እንፋሎት ፊቱን... በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ነው እኮ ልጄ፣ እያነባ ነው የሚሰግድ። ላሳርፈው ብዬ። ወደ ውስጥ ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም።"

"አባባ፣ ምናለ ሰሌኑን ዞር ቢያደርጉት?" አለች መቅዲ።

"የት? ጥላ ያለው እዚህ ብቻ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ያ ሁሉ ሳል... በኔ ነው?"

መቆጣት ፈለግሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው፣ ስሙን እንኳ የማልጠራው... "አብሽር አባ ሀሚዱ" አልኩ። ያቺን ቃል። ከኔ አፍ ወጣች።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግጄ ስቀመጥ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ጆንያው የገባው በረመዷን። ያኛው ልጅ የሄደው ከረመዷን በፊት። ብዙ ቀደም ብሎ።

እንግዲያው ጆንያው አይደለም። አባ ሀሚዱም አይደለም።

ከዚህ በፊት ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ሰው ልጠላ ተዘጋጅቼ ነበር። አሁን የምጠላው የለም። አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ። እንዴት ያርፋል ሰው፣ የሚጠላው ሲያጣ።

ግን የአሁኑስ? ወራቱን በሙሉ የተነፈስኩት... አላውቅም። ማንም አያውቅም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ዛሬ የቱቦው ቀን ነበር። ጆንያውን አውጥተን ብንተወው ሰጋጁ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ቱቦው ወደ ላይ፣ ከጣሪያው በላይ ይውጣ ተባለ። መቅዲ የሚስማማውን ቱቦ ከደሴ ይዛ መጣች። ቆርቆሮ ሠሪው ሙሀይሚን ጣሪያ ላይ ወጣ። አባ ሀሚዱም አብሬ ካልወጣሁ ብሎ አስቸገረ።

"ይውረዱ አባ! ቢወድቁ እዚሁ ነው የሚያድሩት!" ይላል ሙሀይሚን።

"ብወድቅ ሐኪም ቤት ላይ ነው የምወድቅ፣ ምን አለበት!"

አስታማሚዎቹ ሳይቀሩ መሰላል ያዙ። አንዷ ሴትዮ ሙሀይሚንን "አላህ እጅህን ይባርከው" እያለች ውሃ ታቀብላለች። ምን እንደሚሠራ እንኳ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን አጠብን። ጋሽ ዝናው ቀድሞኝ ከፈተ። ምንም። ጭጋግ የለ፣ ሽታ የለ። መቀሱን አነሳሁት። ትኩስ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መገጣጠሚያው ሳይቀር። ጉንጬ ላይ አስጠጋሁት። ጋሽ ዝናው "ልትስሚው ነው እንዴ?" አለኝ። ልስመው ነበር።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሙአዊያ ወደ ደሴ ወሰደኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት እንድመረመር። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ልቡ ይመታል። ቶሎ ቶሎ፣ የሚቸኩል ይመስል።

"ኬሚካል ያለበት ቦታ ነው የምሠራው" አልኳት።

"አሁን ደህና ነው። በተቻለሽ መጠን ራቂ" አለች።

በተቻለሽ መጠን... እሱን ለማን ልንገር? ሳልናገር እንዴት ልራቅ?

ሙአዊያ እስከ ሐይቅ ድረስ መኪናውን በቀስታ ነዳ። ተሳፋሪው ተቆጣ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ጠዋት ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ሳስር ተንቀሳቀሰ። እንደ ዓሣ። ተቀመጥኩ። ደግሞ ተንቀሳቀሰ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ዛሬ ልናገር ብዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ። ጋሽ ዝናው ቀድሞ ገብቷል። የኔን ጠረጴዛ ከማጠቢያው ክፍል አውጥቶ በመጠቅለያው ክፍል መስኮት ሥር አኑሮታል። ወንበርም አለ። ትራስም አለ፤ ከቤቱ ነው ያመጣው።

"ከዛሬ ጀምሮ መጫኑም ኬሚካል መቅዳቱም የኔ ነው። አንቺ እዚህ ትጠቀልያለሽ።"

"ለምን? አሁን እኮ አይሸትም።"

"አርጅቻለሁ። ብቻዬን መዝፈን አማረኝ።"

"ጋሽ ዝናው..."

"አቤት።"

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ዓይኔ ሞላ። እሱ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር፣ ወደ እኔ አላየም።

"አላህ ይስጥልኝ" አልኩ።

"አሜን" አለ። ገባና በመካከላችን ያለውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።