የዮናስ ወንበርና ዋራንቲው

ሰኞ፣ መስከረም 26። ኬኔሶ፣ መሥሪያ ቤት ፓርኪንግ

ዛሬም አስደነገጠኝ። ጠዋት የመኪናውን በር ስከፍት ወንበሩ በራሱ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ መስታወቱም ቀና አለ። ለዮናስ ቦታ መልቀቃቸው ነው። ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መኪናው ግን አሁንም የእሱን ልክ ያስታውሳል። ልኩ የተመዘገበው ቁጥር 2 ላይ ነው። እኔ አጭሯ በየቀኑ ወደ ፊት እጎትተዋለሁ። አንዲት በተን ተጭኜ በራሴ ልክ መቀየር እችል ነበር። አልቀየርኩም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ማስታወሻዬ።

ከምኖርበት ከስቶን ማውንቴን እዚህ እስክደርስ ማርሹ ሁለቴ ተንገጫገጨ። ተመስገን፣ ገባሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዋራንቲ፣ የመኪና ብልሽት ዋስትና፣ የሚሸጠው ሰውዬ ደወለ። ሞተርና ማርሽ ይሸፍናል። ዋጋው እስከ ቅዳሜ ብቻ። መጀመሪያ ግን መኪናው ኢንስፔክሽን፣ ምርመራውን፣ ማለፍ አለበት። ሰውዬው ሲያወራ ይስቃል፤ ምኑ እንደሚያስቀው እንጃ። ይህ መኪና ከቆመ ሥራዬም ይቆማል። ሃይዌይ ዳር ብቻዬን ቶው፣ ጎታች መኪና፣ ስጠብቅ ደግሞ... አላስበውም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ፓይን ሌክ አጠገብ ያለው የከድር ጋራዥ ሄድኩ። የደሴ ልጅ ነው፣ የዮናስ ጓደኛ። ኢንስፔክሽኑ ላይ እንዳልወድቅ ቀድሞ እንዲያይልኝ ብዬ። ማርሹ ለጊዜው ይሄዳል፣ ዋራንቲውን ግን ግዢ፣ እኔም ሳልሰጋልሽ እተኛለሁ አለ። ባትሪው አልቆለታል። በዚህ ባትሪ አያሳልፉሽም አለኝ።

ቀይርልኝ አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ባትሪው ከተነቀለ እኮ ወንበሩ ሪሴት ያደርጋል፣ የዮናስ ልክ ይጠፋል» አለኝ።

ለካ እሱም አይቶታል። እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ፤ እንደ ሌባ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29። ሥራ የለም

እማዬን ቤ/ክ አደረስኳት። ለሙት ዓመቱ ነው ከደ/ብርሃን የመጣችው። ልጇ በሕይወት እያለ ቪዛ ከለከሏት፤ ሲሞት ሰጧት። ዮናስ ከእሷ ሲለይ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ከአጎታችን ጋር ወደዚህ ሲመጣ። ከዚያ ወዲህ ያየችው በስልክ ነው። ፊቱን ብቻ።

የመጣች ለታ ስለ ወንበሩ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። በሩ ተከፍቶ ወንበሩ ሲንሸራተት ጎንበስ ትላለች፣ እጅ እንደ መንሳት። ደህና አደርክ ትለዋለች፣ እኔ እንዳልሰማ ቀስ ብላ። እሰማለሁ። ያስፈራኛል። ደግሞ እቀናለሁ፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብዬው አላውቅም።

ስንመለስ ስለ ባትሪው ነገርኳት። አልቅሳ እምቢ ትለኛለች፣ እኔም በእሷ አሳብቤ ዋራንቲውን እተወዋለሁ ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። እስኪ እንደር አለች።

ዓርብ፣ መስከረም 30። ማለዳ

ቀስቅሳኝ ቁልፉን አምጪ አለች። ነጠላዋን እንደለበሰች ፓርኪንግ ወረድን። በሩን ከፈትኩላት፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። ዕድሜዋን ሙሉ የሾፌር ቦታ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ገብታ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። በእግሯና በፔዳሉ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ቁልቁል እያየች ቆየች።

«እንዲህ ረዝሞ ኖሯል እንዴ ልጄ?» አለች።

ረጅም ነበር። ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

ወርዳ ተንበረከከችና በክንዷ ለካችው፣ ልጆች ሳለን ለማደጊያ ትንሽ እየጨመረች ልብስ ልታሰፋልን እንደምትለካን። ከፔዳሉ እስከ ወንበሩ ጫፍ ክንድ ከስንዝር። እንዳይጠፋባት በአፏ ደጋግማ አለችው። መስታወቱንም ለካች። ከዚያ፣ «በይ አሁን ባትሪውን ይንቀለው» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ትናንት ከድር ባትሪውን ቀየረ። ዛሬ ጠዋት ኢንስፔክሽኑን አለፍኩ፣ ዋራንቲውን ፈረምኩ። ወንበር ይሸፍናል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። አይሸፍንም። ሰውዬው ሳቀ።

ቤት ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ቆለፍኩ፣ መልሼ ከፈትኩ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ዓመቱን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ከደነገጥኩት ይልቅ ይኼ ባሰ። እዚያው ፓርኪንግ ላይ አለቀስኩ።

እማዬ ወረደች። እሷ በክንዷ እየለካች፣ እኔ በተኗን እየተጫንኩ ወደ ኋላ መለስነው። ክንድ ከስንዝር። ልክ ነው አልኳት። ራቅ ብላ አየችው።

«ትንሽ ጨምሪለት» አለች።

ጨመርኩለት። ቁጥር 2 ላይ መዘገብኩት።

ሰኞ ጠዋት እኔም ደህና አደርክ እለዋለሁ።