ከዝግባው ላይ የወረደው ቀፎ

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2006

ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የሮቤ ፀሐይ ሐሰተኛ ናት፤ ታበራለች እንጂ አታደርቅም። የምጽፍበት መጽሔት ደረሰ። ጎረቤቴ እትዬ እኅተማርያም አጥሩን ተደግፈው ዓምዴን ጮክ ብለው አነበቡልኝ። የራሴን ለራሴ! ለአየሩ ካሳ ከፍዬ መብረሬን የጻፍኩት ጋ ሲደርሱ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ። አፈርኩ...

ለማንም አልተናገርኩትም፤ እዚህ ግን ይውጣልኝ። ለናይሮቢው ስልጠና ትኬት ስቆርጥ ልጅቷ፣ «ካርቦን ማካካሻ ልጨምርልዎት? አውሮፕላኑ ለሚያወጣው ጭስ በምትኩ ጫካ ይጠበቃል» ስትለኝ ብዙም አልገባኝም። ከኋላዬ የተሰለፈው መልከ መልካም ሰውዬ ቋጣሪ እንዳይለኝ ነው «እንዴታ!» ያልኩት። የሚጠበቀው የኛው ሃረና ነው ስትለኝማ ደረቴን ነፋሁ። አውሮፕላኑ ላይ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛሁ። ንጹሕ ሴት!

ሐሙስ፣ ጥር 8

ገበያ ዋልኩ። የልጅነት ጓደኛዬ ጁሀራ ማር የምትሸጥበት ቦታ ሄድኩ። ጣሳዎቿ ባዶ።

«የሃረና ማር የለም።»

«ምነው?»

«ጫካውን ገዝተሽው የለ? ጫካሽን ጠይቂው!»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

የማካካሻውን ገንዘብ የሚቀበለው ድርጅት የሃረናን ሰዎች ቀፎ አውርዱ ብሏቸዋል። ማር ሲቆረጥ የሚጨሰው ጢስ ሰደድ እሳት ያስነሳል ብሎ። ሃረና ያለው ወንድሟ ከማለዲን፣ ከአባታቸው ከወረሷቸው ሁለት ዝግባዎች ላይ ቀፎውን ሁሉ አውርዷል።

«ታዲያ ጫካው ይቃጠል ነው የምትዪው?» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት!

«ያ ረቢ! አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲያጨስበት ያልተቃጠለ ጫካ፣ አንቺ ናይሮቢ ስለሄድሽ ሊቃጠል ነው?»

ተኳርፈን ተለያየን።

ዓርብ፣ ጥር 9

ቅናት ነው። አውሮፕላን ስላልተሳፈረች ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ጎባ፣ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ጁሀራን የማሸንፍበት ነገር ፍለጋ፣ ሌላ ምን? ኃላፊው አቶ ኃይለመስቀል ዓምዴን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። «አምባሳደራችን!» ብለው ተቀበሉኝ።

«ቀፎዎቹስ?»

«አንድም አልቀረ። ጫካው ጸድቷል።»

ጸድቷል? ንብ ቆሻሻ ነው?

«ሰዎቹ በምን ይኑሩ?»

«ስልጠና እንሰጣቸዋለን።»

«የምን ስልጠና?»

«የንብ እርባታ። ዘመናዊውን። በጀቱ ሲለቀቅ።»

ፊታቸውን አየሁ። እየቀለዱ አይደለም። ሲሸኙኝ፣ «እርስዎ አይጨነቁ፤ የእርስዎ ጭስ ተካክሷል» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን አላለኝም?

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ጁሀራን ይቅርታ ጠይቄ አብሬያት ወደ ሃረና ወረድኩ። የሳነቴን አምባ እስክናቋርጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ብርዱ ሲጠና ግን ጋቢዋን አካፈለችኝ።

ትልቁ ዝግባ የለም... ጉቶና የመጋዝ ብናኝ ብቻ።

ከማለዲን ጉቶው ላይ አልተቀመጠም፤ አጠገቡ ቆመ። «ቀፎ ያለበትን ዛፍ እዚህ አገር ማንም አይነካም። የሰው ነዋ! ሌባ እንኳ ዞሮ ያልፋል። ቀፎው ሲወርድ ዛፉ ባለቤት አጣ። ጣውላ ቆራጮች ሌላ ምን ይጠብቃሉ?»

«ለድርጅቱ አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹አንተስ ጫካው ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?› አሉኝ።»

ሁለተኛው ዝግባ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ግን አዲስ የመጥረቢያ ምልክት አለ። ተመርጧል ማለት ነው። ቀፎ ከሰቀለ ይከሰሳል። ካልሰቀለ ዛፉ ይሄዳል።

ደሜ ፈላ። በአቶ ኃይለመስቀል? አዎ። በቆራጮቹ? አዎ። ግን እኔስ? አውሮፕላኑ ጭሱን ለቀቀው፤ አንድም አልተመለሰም። ዝግባውም ሄደ። እኔ የተረፈኝ ያ እንቅልፍ ነው! የከፈልኩት አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ ከፍዬ መተኛቴ ነው። ያኔ አንዴ እንኳ «እዚያ ጫካ ውስጥ ማን አለ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ማን እንዳለ እያወቅኩ! ማሩን ስልስ ያደግኩ ሴትዮ!

እሑድ፣ ጥር 18

ከማለዲን ቀፎውን ሁለተኛው ዝግባ ላይ ሰቀለው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። «ተደብቆ የተሰቀለ ቀፎ ባለቤት የለውም» ብሎ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጣ። እሱ በጠፍር ግንዱን አቅፎ ሲወጣ፣ ጁሀራ ከታች ትጮሃለች፤ «ቀስ በል! ብትወድቅ ሚስትህ የምትገድለው እኔን ነው!»

ቀፎውን የምንስብበትን ገመድ ለእኔ ሰጡኝ። መዳፌን ላጠው። አለቀቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። አቶ ኃይለመስቀል ደወሉ። «ከማለዲንን እንከሰዋለን!»

«ይክሰሱ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንንም ይክሰሱን። ዓምዴንም ከግድግዳዎ ላይ ያውርዱልኝ። ቀፎ ማስወረድ ያውቁበት የለ!» ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ከሰዓት ደግሞ የመጽሔቱ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። በመጋቢት ኪጋሊ ስብሰባ አለ። «አንባቢ ያን ማካካሻሽን ወዶታል፤ ድገሚልን» አለኝ።

«እሄድ እንደሆነ እሄዳለሁ። ጭሱ ግን የኔ ነው። ተካክሷል ብዬ ሁለተኛ አልጽፍም። ያለፈውም ውሸት ነበር ብዬ ጽፌ ልኬልሃለሁ።»

ያወጣው ይሆን?

ዝግባው ላይ መጥረቢያ ያሳረፈው ሰው እስካሁን አልተመለሰም። ንቦቹም ገና አልገቡም። ጁሀራ፣ «ሲገቡ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው» ብላለች። እዚሁ አሰፍረዋለሁ። ባይገቡም፣ ዝግባው ቢወድቅም፣ ብንከሰስም እንደዚያው። እንዳለፈው ዓምዴ ግን አላሳምረውም።